ብልሽት በክፍያ

እናቴ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ራቅ አድርጋ አየችው። በሻሿ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችው። ከዚያ መለሰችልኝና "ያረቢ! ይሄን ፎቶ ማን ነው ያበላሸው?" አለች።

ፎቶው ሐይቅ ዳር የተነሳነው ነው። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ካለፈ በኋላ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ሽማግሌ ሳይቀር ተሰልፈን ቆምን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሁሉም ሰው ዓይኑን ገልጧል። ይሄ በእኛ ቤት የፎቶ ታሪክ ብርቅ ነው። ያነሳችን የእህቴ ልጅ ናት። ስልኳ ከእኔ ደሞዝ ይበልጣል። በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ አልናገርም፤ እህቴ ታነበዋለች።

ቴሌግራም ላይ የላከችው ግን ሌላ ነገር ነው። አራቱም ማዕዘን ጠቁሯል። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ፊታችን ቢጫ ነው፤ አንድ ሐኪም ቢያየን ሁላችንንም ለጉበት ምርመራ ይልከን ነበር። ዳር የቆሙት ዘመዶች ደብዝዘዋል። በስተቀኝ በኩል ብርቱካናማ ብርሃን ወርዶ የአጎቴን ጆሮ በልቶታል። ከታች ደግሞ '98 የሚል ቁጥር ተጽፏል።

እናቴ ቁጥሩን አየችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"98? በ98 አንቺ እኮ አራስ ነበርሽ።"

"እማማ፣ በፈረንጅ ነው።"

"በፈረንጅ ከሆነማ ጭራሽ አልተወለድሽም!"

ልጅቷ ታግሣ አስረዳችን። ፎቶው አልተበላሸም። ሆን ተብሎ ነው። አሻንጉሊት ካሜራ የሚባል ዘር አለ። አካሉ ፕላስቲክ፣ ሌንሱ ፕላስቲክ፣ ዋጋው ርካሽ። የሚያነሳውም ፎቶ እንዲህ ነው። አሁን ግን ካሜራውን መግዛት አያስፈልግም፤ በኤዲቲንግ ይሠራል። "ቫይብ ነው ጋሼ" አለችኝ።

ከዚያ ላፕቶፗን ከፍታ አሠራሩን አሳየችኝ። ልፋቱን አልክድም። ፎቶው መጀመሪያ ካሬ ሆኖ ይቆረጣል። መሃሉ ይተውና ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ ርካሽ ሌንስ መሃሉን እንጂ ዳሩን አያጠራም። ቀጥሎ ማዕዘኖቹ ይጠቁራሉ። ከዚያ ከርቭ የሚሉት የቀለም ማስተካከያ መስመር ይመጣል። ቀዩንና አረንጓዴውን ወደ አንድ በኩል፣ ሰማያዊውን ወደ ተቃራኒው ታጣምማለች። ጥላው ሰማያዊ፣ ብርሃኑ ቢጫ ይሆናል። ይሄ የስላይድ ፊልም ለሌላ ፊልም በተሠራ ኬሚካል ሲታጠብ የሚመጣው ቀለም ነው። ድሮ ፎቶ ቤት እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራ ሠራተኛ ይባረር ነበር። በመጨረሻ ብርቱካናማው ብርሃን በሌላ ሌየር ይደረባል፤ ላዩ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ይነሰነሳል፤ አለቀ።

አዲስ ድስት ገዝቶ ጥላሸት መቀባት ማለት ይሄ ነው።

በካሜራዎቹ ላይ ቂም የለኝም። እነሱ ምን አጠፉ? ዲያና የሚባለው በ1960ዎቹ በፈረንጅ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተሠራ። ሆልጋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ሆንግ ኮንግ ወጣ። የታሰበው የቻይና ሠራተኛ በአቅሙ ልጆቹን እንዲያነሳበት ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 12 ካሬ ፎቶ ይሰጣል። የጀርባ ክዳኑ አይገጥምም፤ በስንጥቁ ብርሃን ይገባል። ስለዚህ ባለቤቱ ጥቁር ቴፕ ገዝቶ ዙሪያውን ይለጥፋል። ልብ በሉ። ሰውየው ቴፕ የገዛው ያ ብርቱካናማ ብርሃን እንዳይገባበት ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሰውየው በቴፕ የከለከለውን ብርሃን ከኢንተርኔት አውርዳ አጎቴ ጆሮ ላይ ትለጥፋለች።

ሦስተኛው ሎሞ ነው። ሌኒንግራድ ውስጥ የተሠራ ነው። ሌንሱ መስታወት ስለሆነ አሻንጉሊት ማለት ይከብዳል፤ ግን እሱም ማዕዘን ያጠቁራል። በ1991 በፈረንጅ የቪየና ተማሪዎች ፕራግ ውስጥ አገኙትና ወደዱት፤ በዓመቱ ማኅበር አቋቋሙለት። ዛሬ ለምናየው ፋሽን ብዙውን መንገድ የጠረገው ያ ማኅበር ነው። ካሜራው ገበያ ላይ የወጣው በ1984 ነው።

የ1984 መጨረሻ በእኛ 77 ማለት ነው። ወሎ ውስጥ 77 ብላችሁ ለሽማግሌ ንገሩ፤ ፊቱን እዩት። ጥቅምት 1977 የውጭ ካሜራዎች ኮረም ደረሱ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዓለም የ77ቱን የወሎ ረሃብ ያየው በእነዚያ ካሜራዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ አላደበዘዙም፣ ማዕዘንም አላጠቆሩም። "የሰማንያዎቹ መልክ እንዴት ደስ ይላል" የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። የማን ሰማንያዎቹ? የቪየናው ተማሪ ወጣትነቱን ይናፍቅ፤ መብቱ ነው። ደሴ የተወለደች ልጅ የእሱን ወጣትነት የምትናፍቅለት ቀጥሯት ነው?

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይባላል። በጣም የምወደው ተረት ነው። ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ አንድ ዘመዳችን አለ። በመጣ ቁጥር ሀረጎ ላይ መኪና አስቁሞ "የወሎ ናፍቆት ሊገድለኝ ነበር" እያለ ደረቱን ለነፋስ ይሰጣል። ከዚያ ደሴ ይገባል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። ያ ባለ ናፍቆት ሰውዬ በማግስቱ ጃኬት ደርቦ ኮምቦልቻ ያድራል፤ ይሞቃል ብሎ። ተረቴን የምነግረው ያኔ ነው። አይወደውም።

አሁን ግን ተረቴ ሊከሽፍብኝ ነው። የማያውቁትን አገር የሚናፍቅ ትውልድ መጣ። ናፍቆቱንም ከስልክ ያወርደዋል፤ አንዳንዱን በክፍያ።

ይሄ በሽታ ፎቶ ላይ ብቻ ቢቀር ዝም እል ነበር። ባህላዊ ነን የሚሉትን ቤቶች እዩዋቸው። ግድግዳው ላይ ወንፊት፣ አገልግል፣ የተሰበረ ሞፈር፣ ኩራዝ ይሰቅላሉ። አያቴ ኩራዙን የተገላገለችው ተስላ ነው። ጭሱ ዓይኗን ሲያነደው ኖሯል። እዚህ ሰቅለውት በእሱ ሰበብ የቡናው ዋጋ ይጨምራል። አንዱ ቤት ተቀምጬ መብራት ጠፋ። አስተናጋጇ መጥታ "ይቅርታ፣ ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል" አለችን። ግድግዳው ሙሉ ኩራዝ ነው። አንዱ ውስጥ ጠብታ ጋዝ የለም! በጨለማ ተቀምጠን ሒሳብ በስልክ መብራት ከፈልን። ሰው ያለፈበትን ችግር ለጌጥ ሲያደርጉት ያናድዳል፤ ለጌጥም አድርገው ሲፈለግ አለመሥራቱ ግን ሌላ ንዴት ነው።

ደግሞ ናፍቆትን ለወሎ ማስተማር! ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው ቦታ ነው። ትዝታውንም ቢሆን ወሎ ከማንም አልተበደረችም። እኛ ዘንድ ሰው አቦል ላይ ያነሳውን ትዝታ በረካ ላይ አይጨርሰውም። አሁን በረካ ላይ ለመድረስም ተቸግረናል። ሲኒው ሲቀዳ "ቆይ! እንዳትነኩት!" ይባላል። ጭሱ በደንብ እስኪወጣ፣ ቄጤማው እስኪስተካከል፣ ፎቶ እስኪነሳ። ከዚያ ቀዝቃዛ ቡና እንጠጣለን።

ወደ ፎቶው ልመለስ። የሚገርመኝ የእኛ የድሮ ፎቶ እንዲህ አለመሆኑ ነው። እናቴ ሳጥን ውስጥ የአያቴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። አንገቷ ላይ ያለውን ድሪ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ዳሩም መሃሉም ጥርት ያለ ነው። ለምን አይሆንም? ፊልም ውድ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ላይ አቁሞ፣ መብራቱን አስተካክሎ፣ አገጭ ቀና አድርጎ፣ ትንፋሽ አስይዞ ነው የሚያነሳው። ፎቶ የሚነሳው ሰው ደግሞ ለዚያ ቀን ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ከሰው ልብስ ተውሶ መጥቷል። ዳሩ ጠቁሮ፣ ጆሮው ጠፍቶ ቢሰጡት አይከፍልም። ምናልባትም ይደባደባል። እኛ ድሮን የምናየው ጥርት ብሎ ነው። ልጅቷ የጨመረችው ድሮ የእኛ አይደለም፤ የተከራየችው ነው።

እርግጥ ሁሉም ፎቶ ቤት እንዲያ አልነበረም። እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባልን። አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። ሚስማር ላይ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅሏል። ክፍላችን በሙሉ በተራ ለበሰው። ቀጭኑም ወፍራሙም ያው ኮት። ለእኔ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ወረደ፤ ጉርድ ስለሆነ አይታይም ተባልኩ። ፍላሹ በራ። ፎቶው ሲመጣ ዓይኔ ተጨፍኗል። ሙሉ በሙሉ። "ጋሼ፣ ይደገምልኝ" አልኩት። ሰውየው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። "ዓይኑን የጨፈነው ማነው?" አለ። "እኔ።" "ፊልሙ የማነው?" "የእርስዎ።" "እንግዲያው ክሰረኝ ነው የምትለኝ?" ድጋሚ ክፈል አለኝ። ከየት አምጥቼ?

ያ ፎቶ በማኅተም ተመታበት። ፈታኙ ወረቀቱን ከፊቴ ጋር ሲያስተያይ "ይሄ ልጅ ተኝቶ ነው እንዴ የሚፈተነው?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ሒሳብ ነበር የመጀመሪያው ፈተና። ያን ሳቅ እያዳመጥኩ ነው ክፍልፋይ የሠራሁት። እስከ ዛሬ በዚያ ፎቶ ቤት በር ሳልፍ ሰላም አልልም። አሁን ሞባይል ቤት ሆኗል፤ ሆኖም አልልም።

በነገራችን ላይ የሐይቁ ፎቶ ታትሟል። እናቴ ሳሎን ካልሰቀልኩ አለች። ያልተነካውን አምጪ ብላት ልጅቷ አጥፍታዋለች፤ "ስልኬ ሞልቶ" አለች። ስለዚህ ያንኑ በፍላሽ ዲስክ ይዤ ፒያሳ ወደ አንዱ አታሚ ሄድኩ። ልጁ ከፈተውና አዘነልኝ። "አይዞህ ፋዘር፣ ይስተካከላል" አለ። ማዕዘኖቹን አነጣ። ቢጫውን ቀነሰ። 98ን ፋቀ። ብርቱካናማውን ሲያነሳ የአጎቴ ጆሮ ከሥሩ አልተገኘም፤ ስለዚህ የግራውን ጆሮ ቀድቶ ገልብጦ ለጠፈለት። ለማስተካከያ ለብቻ አስከፈለኝ። እናቴ ደስ ብሏታል፤ አጎቴ ግን ፎቶው ፊት በቆመ ቁጥር ጆሮውን ይዳስሳል።

ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈችኝ። ከዚያ የእናቴን ሳጥን ስትበረብር ያንን ጉርድ ፎቶ አገኘችው። አበደች። "ጋሼ! ይሄማ ኦሪጅናል ነው! ስካን ላድርገው?" አለች።

"ዓይኔን ግለጪልኝ እንጂ" አልኳት። ጆሮ የሚተክል ዘመን ዓይን መግለጥ አያቅተውም ብዬ ነው።

"ኧረ ባክህ! ውበቱ እኮ እሱ ነው።"

ከዚያ ኮቱን ቆርጣ በራሷ ፎቶ ላይ ልታለብሰው አስፈቀደችኝ። ፈቀድኩ። ኮቱ የእኔ አይደለም።