እርማት፦ «ሴት ኒርቫና አትደርስም» ስለተባለው

ትናንት ከባሕር ዳር በለጠፍኩት የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ፎቶ ሥር ወሬው ከጣና ተነስቶ ቡድሂዝም ላይ ደረሰ። «እኛ ሴት ደሴቲቱን አትረግጥም እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ወንድ ሆና ዳግም ካልተወለደች ኒርቫና አትደርስም ይላሉ» የሚለውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው፤ ኒርቫና ማለት ከመከራና ከዳግም ውልደት ዑደት የመጨረሻው ነጻነት ነው። ወንድሜ፣ በአክብሮት፦ ሁለት ነገር ተምታቷል።

በጥንቱ የፓሊ ቀኖና፣ ማለትም በፓሊ ቋንቋ በቆየው የቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት ስብስብ ውስጥ፣ ሴት ሙሉ ቡድሃ (መንገዱን ራሱ አግኝቶ ለሌሎች የሚያስተምር) መሆን አትችልም የሚል ቃል አለ፤ አልክድም። ቡድሃ መሆንና ኒርቫና መድረስ ግን አንድ አይደለም። በዚያው ቀኖና፣ የምንኩስናን ሥርዓት በያዘው ቪናያ፣ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ የሃይማኖቱን መሥራች ቡድሃን በቀጥታ ይጠይቀዋል፦ ሴት ብትመነኩስ እስከ መጨረሻው ነጻነት ትደርሳለች? መልሱ ትደርሳለች ነው። የቡድሃ አሳዳጊ አክስት ማሃፓጃፓቲ ጎታሚም የመጀመሪያዋ መነኩሲት ሆነች። ማረጋገጥ የፈለገ ቴሪጋታን ያንብብ፤ ነጻ የወጡ መነኮሳይት ግጥሞች ስብስብ ነው። አንዷማ ከሙቀጫ፣ ከዘነዘናና ከጎባጣ ባሏ መገላገሏን ታወራለች፤ የእኛ እናቶች ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

እኩልነት ሰፍኖ ነበር እያልኩ አይደለም። መቶ ዓመት የመነኮሰች ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ እንድትሰግድ የሚያዝ ደንብም አለ። ስህተቱ የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው፦ በታይላንድ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መነኮሳት ሴት እንዳያመነኩሱ ተከልክሏል፤ ክልከላውን የሚሞግቱት ሴቶች የሚከራከሩት ከዚያው ቀኖና ጠቅሰው ነው። «ሃይማኖታቸው አይፈቅድም» ስንል ሳናውቀው ለከልካዩ እየመሰከርን ነው።