«አስቦልህ ነው» አይበቃም

ሰሞኑን በቲክቶክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የስብከት ቁራጭ አለ። ሰባኪው ወጣት ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ አዳራሹም እልል ይልለታል። «ከልቡ የሚያስብልህ ጓደኛ ፈተና ሊሆንብህ አይችልም፤ ፈተና ከጠላት እንጂ ከወዳጅ አይመጣም» ይላል። የማውቃቸው ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም «አሜን» ብለውበታል። እኔ ግን አፌ እሺ አላለኝም።

ከወዳጅ አይመጣም? ማቴዎስ 16ን ዘሎት ነው እንዴ የሰበከው? ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ መከራ እንደሚቀበልና እንደሚሞት ሲናገር ጴጥሮስ ለብቻው ወሰደው። «አይሁንብህ ጌታ ሆይ፤ ይህ ከቶ አይደርስብህም» አለው። ከዚህ በላይ አሳቢ ጓደኛ ከየት ይመጣል? የምንወደው ሰው ልሞት ነው ቢለን ሁላችንም ይህንኑ ነው የምንለው። መልሱ ግን «ወደ ኋላዬ ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» ሆነ። ይህ ቃል እዚህ ቦታ ብቻ የተነገረ አይደለም። ገዳመ ቆሮንቶስ በሚባለው ምድረ በዳ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከጾመ በኋላም ፈታኙን «ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» ብሎት ነበር። ያኔ ፈታኙ ራሱ መጣ። አሁን በሚወደው ደቀ መዝሙር አፍ መጣ። ጥያቄው ያው ነው፤ ያለ መስቀል ንገሥ። ደግሞ ይኸው ጴጥሮስ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ «ብፁዕ ነህ» ተብሎ ነበር። ያው ሰው፣ ያው አፍ፣ ያው ፍቅር። ጳውሎስንስ ቂሳርያ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም አትውጣ ብለው ያለቀሱበት እነማን ነበሩ? ጠላቶቹ?

ክፉ ጓደኛን ለማወቅ ስብከት አያስፈልግም። ና እንቃም፣ ና እንጠጣ የሚልህን ገና ከሩቅ ታውቀዋለህ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» እየተባልን ነው ያደግነው። እኛን የሚጥለን ሌላው ነው። በዐቢይ ጾም «ጨጓራህ ይብስብሃል፣ እግዜር ያውቅልሃል» የምትለዋ። እሑድ ማለዳ «ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርመህ፣ ዛሬ እንኳ ተኛ» የሚለው። ለእነዚህ በሩን ራሳችን እንከፍትላቸዋለን።

የራሴን ልናገር። ከወንድሜ ጋር በቤት ውርስ ተጣላን። ጓደኛዬ ከእኔ በላይ አመመው። «አንተ ምን አጠፋህ? እሱ ይምጣ እንጂ አንተ እንዳትሄድ» አለኝ። አንጀቴን አራሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ዘጋሁት። ቅዳሴ ግን አልቀረሁም። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ባለ ቁጥር አጠገቤ ለቆመው ለማላውቀው ሰው ጎንበስ እላለሁ፤ ለእናቴ ልጅ ግን አልደውልም። ለመቁረብም ድፍረት አጣሁ። ያንን ምክር ጠላቴ ቢሰጠኝ ኖሮ አንድ ቀንም አልሰማውም ነበር። ማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ «ሂድ» ነው የሚለው። «እሱ ይምጣ» አይልም።

«ታዲያ ጓደኛን ሁሉ እንጠርጥር?» የሚለኝ ይኖራል። አልወጣኝም። ጌታ ጴጥሮስን አላባረረውም። ከስድስት ቀን በኋላ ይዞት ክብሩን ወደ ገለጠበት ተራራ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። በቡሄ ዋዜማ ልጆች ችቦ የሚያበሩት ለዚያ ተራራ በዓል ነው። የጣለው ምክሩን ነው፣ ሰውየውን አይደለም። ያ ሰባኪ ይህን ማስተማር ነበረበት። ምእመኑን «የሚወድህ አያስትህም» ብሎ ማስተኛት በጎችን በረት ከፍቶ ማሳደር ነው። ያንን ቪዲዮ ያንሳው። ካልሆነም በዚያው መድረክ ቆሞ ያርመው።

ለወንድሜ የደወልኩት በፍልሰታ ነው። ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ አነሳው። ያ ጓደኛዬ ዛሬም ጓደኛዬ ነው። ስለ ወንድሜ ግን ምክር አልጠይቀውም።