የጎጃም ገበሬ ታሪክ በዶዘር እየተዛቀ ነው

በመርጡለ ማርያም ገዳም ውስጥ ማን የትኛውን ጉልት፣ ማለትም ግብር የሚሰበስብበትን መሬት፣ እንደያዘ በብራና ተጽፎ ይገኛል። መሬቱን ሲያርስ የኖረው ገባር ግን ምን ይበላ እንደነበር፣ ስንት ልጅ እንደቀበረ፣ በስንት ዓመቱ ወገቡ እንደጎበጠ የጻፈለት የለም። ያን የሚናገር አጽሙ ብቻ ነው፤ አጽሙ ደግሞ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ መሠረት ሲቆፈር ከአፈሩ ጋር ይዛቃል። በክብር፣ በጸሎት የሚያፈልሱ ደብሮች መኖራቸውን አልክድም። ቅሬታዬ ሳይታይና ሳይመዘገብ አንድ ጉድጓድ ውስጥ መደባለቁ ላይ ነው።

ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎ ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ከገብስና ከስንዴ ይለያል፤ ልዩነቱም በተመጋቢው አጥንት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በጮቄ ተራራ ደጋ ገብስ እየበላ ያደገ ሰው ከቆላው ማሽላ በላ ተለይቶ ይታወቃል። በልጅነት የሚበቅል ጥርስም ያደጉበትን አገር ድንጋይ ምልክት ይይዛል፤ የጮቄ ጥቁር ድንጋይና የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ አንድ አይደሉም። ከደጋ ወደ ቆላ የተዳረች ሴት ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም የመጣችበትን አገር ትናገራለች ማለት ነው። በሕፃንነቱ የተራበ ወይም ክፉኛ የታመመ ሰው ጥርስ ላይ ደግሞ አግድም ጭረት ይቀራል። «ክፉ ቀን» የተባለው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረሃብ የትኛውን መንደር ይበልጥ እንደጎዳ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የአቀባበሩም ነገር አለ። ክርስቲያኑ ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጎ በጀርባው ይተኛል። ለጎጃም መካ በሰሜን በኩል ስለሆነች፣ በቀኝ ጎኑ የሚቀበረው ሙስሊም ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ መቃብሮች አንድ ይመስላሉ፤ ሳይመዘገቡ ከተዛቁ ማን ከማን ጎን እንደኖረ አብሮ ይጠፋል።

«ሙታንን አትቀስቅሱ» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ለጉጉት ሲባል መቃብር ይከፈት አላልኩም። በዚያ ላይ ገበሬው ኖራ የሚበትንለት የምዕራብ ጎጃም አሲዳማ አፈር አጥንትን ይበላል፤ ዶዘር ያልደረሰበትም ቢሆን ለዘላለም አይቆይም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በዛሬው የጎጃም ሁኔታ ባለሙያ በየገጠሩ ይዙር ማለት ቀልድ ይመስላል። የሰበካ ጉባኤው ግን የእያንዳንዱን መቃብር አቅጣጫና ጥልቀት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ አጽሙንም ከነጥርሱ ለየብቻው ማስቀመጥ ይችላል። ባለሙያ ካየው በኋላ ፍትሐት ተደርሶለት ወደ አፈሩ ይመለስ።