ሪሜዲያሉ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይጀመር

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ጊዜ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙዎችን አስደንግጧል። መንግሥትም ማለፊያ ካላገኙት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገብቶ የሪሜዲያል ማለትም የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ አደረገ። እኔ ቅር የሚለኝ ማካካሻው መሰጠቱ ሳይሆን የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ዓመታት ሲንከባለል የመጣን ክፍተት በጥቂት ወራት ለመድፈን ከመሞከር ይልቅ ገና ሲፈጠር፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ መድረስ ይቀላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

ክፍተቱ ቀድሞ ይታያልና። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ክህሎት ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ለማየት ግን የግድ አገር አቀፍ ጥናት አያስፈልግም። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር «ተ፣ ቱ፣ ቲ» እያለ የፊደል ገበታውን በዜማ ይወርደዋል፤ «ቶ» ላይ ጣት አሳርፈው ሲጠይቁት ግን ከ«ተ» ተነሥቶ እየቆጠረ ካልሆነ አይደርስበትም። በቃሉ ይዟል እንጂ ፊደሉን አልለየም። ቅደም ተከተላቸው የተፋለሰ ፊደላትን በአንድ ወረቀት ጽፎ እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ ማስነበብ ይህን ያወጣዋል፤ ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እንኳ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነው። በዚህ ላይ የስም መጥሪያው ቢመረመር፣ በገበያ ቀን የሚቀረውና በአጨዳ ወቅት የሚጠፋው ቢለይ፣ ወደ ኋላ ሊቀር የተቃረበው ልጅ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሳያልቅ ይታወቃል።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪው በተከታታይ ምዘና እየታየ ሳይደግም እንዲዘዋወር መደረጉ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅን በመድገም ማሸማቀቅ ማንበብ አያስተምረውም። ነገር ግን ምዘናው የሚያገኘውን ክፍተት የሚሞላ ድጋፍ አብሮ ካልመጣ ልጁ ክፍተቱን ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል፤ አስተማሪውም «ሰነፍ» የሚል ስም ይጨምርለታል። ከእነዚህ «ሰነፎች» መካከል ሰሌዳው የማይታያቸው ወይም በቅጡ የማይሰሙ ይኖራሉ። ለእነርሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዓይንና የጆሮ ምርመራ ነው፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው የአካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት) ባለሙያ እገዛ።

ክፍተቱን አስቀድሞ መከላከል ሁሉንም ተማሪ ሲያቅፍ የሚያስገኘው ሌላም ጥቅም አለ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ለሁሉም ስለሚቀርብ ከቤቱ ሳይበላ የመጣው ልጅ ማን እንደሆነ አይለይም፤ ማንም ሳያፍር በልቶ ይማራል። የንባብ ድጋፉም በዚሁ መንፈስ ሊደራጅ ይችላል። ሁሉም ልጆች በቀን ግማሽ ሰዓት በንባብ ደረጃቸው ተከፋፍለው ያንብቡ፤ በጣም የዘገዩት አራት አምስት ሆነው ከአንድ መምህር ጋር ይቀመጡ፤ በየወሩ እየተፈተሹም ከቡድን ቡድን ይዘዋወሩ።

መምህራኑ ሥራ በዝቶብናል ቢሉ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ይህን እንደ ተጨማሪ ግዴታ መጫን ሳይሆን ያለውን ጉልበት ማሸጋሸግ ይበጃል። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተሻለው መምህርና የማጠናከሪያ ትምህርቱ የሚመደበው ፈተና ለሚጠብቃቸው ክፍሎች ነው፤ አንደኛ ክፍል ለጀማሪ መምህር ይተዋል። ይህ ምደባ የርእሰ መምህራን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሚመዘኑት ስንት ተማሪ አሳለፉ ተብለው ነውና። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በዓመቱ ግምገማ ላይ ከስምንተኛ ክፍል የማለፊያ መጠን አስቀድመው ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ስንቱ እንደሚያነቡ ቢጠይቁ፣ ምደባው በሚቀጥለው መስከረም መለወጥ ይጀምራል።