የመድኃኒት የአባት ስም

«ልጄ፣ ሶዲየም ማለት ጨው አይደል እንዴ?» አሉኝ ጎረቤቴ፣ የክኒን ፓኬት እያሳዩኝ። ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪማቸው ጨው ይቀንሱ ብሏቸዋል። ለጉልበታቸው የታዘዘላቸው የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ፖታሲየም ነበር። ፋርማሲው የሰጣቸው ዲክሎፌናክ ሶዲየም ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁ «ያው ነው እማማ» ተባሉ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህች «ያው ነው» ናት። ቀበሌ ሄዶ «አበበን ፈልጉልኝ» የሚል ሰው የአባት ስም ይጠየቃል። መድኃኒትም የአባት ስም አለው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሃይድሮክሎራይድ፣ ፎስፌት የሚሉት ቃላት ለጌጥ አልተጻፉም።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ብዙ መድኃኒት ውሃ ውስጥ እሺ ብሎ አይሟሟም። ያልሟሟ ክኒን ደግሞ ሳይሠራ በሆድ አልፎ ሊወጣ ይችላል። ሞራን አስቡት። ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። በካስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ግን ሳሙና ይሆናል፤ ውሃም ይቀበለዋል። ሳሙና ማለት የስብ አሲድ የሶዲየም ጨው ነው። ኬሚስት «ጨው» ሲል የወጡን ጨው ብቻ ማለቱ አይደለም። አሲድና የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ተገናኝተው የሚፈጥሩትን ሁሉ ነው። መድኃኒቱ አሲድ ከሆነ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ያጣምሩለታል። ቤዝ ከሆነ ደግሞ አሲድ። እንዲህ ሲሆን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ ውሃም ይስበዋል።

ግን ጨው ሁሉ አይሟሟም። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል፦ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ስለሚወስድ ነው። ስቡ ያው ስብ፣ አጋሩ ግን ሌላ።

ፔኒሲሊን ላይ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በሶዲየም ወይም በፖታሲየም የተሠራው፣ ነርሶች ክሪስታላይን የሚሉት፣ ወዲያው ይሟሟል፤ በደም ሥር ይሰጣል። ኩላሊትም ቶሎ ጠራርጎ ስለሚያወጣው በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ መደገም አለበት። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ሆን ተብሎ እንዳይሟሟ የተሠራ ነው። ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፤ መርፌ ይደፍናል፤ ሲወጉትም ያማል። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ተወግተው ትምህርት ቤት የሚመለሱት በዚህ አለመሟሟቱ ነው። ይህንኑ መርፌ አንድ ሰው «ፔኒሲሊን ያው ነው» ብሎ ደም ሥር ውስጥ ቢሰጠው ልብ ሊያቆም ይችላል።

የወባ መድኃኒቱ የክሎሮኪን ጣጣ ደግሞ ቁጥር ላይ ነው። አንዱ ፓኬት 250 ሚሊግራም ክሎሮኪን ፎስፌት ይላል። ሌላው 150 ሚሊግራም ቤዝ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ክኒኑም አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከነፎስፌቱ መዝኖት ነው፤ ሁለተኛው ክሎሮኪኑን ብቻ። ይህን ያልነገሩት የወባ ታማሚ መድኃኒቱ የተቀነሰበት ይመስለዋል፤ ከራሱ ቢጨምርበት አይገርመኝም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለቱም ዲክሎፌናክ ናቸው። ልዩነቱ መንገድ ላይ ነው። ፖታሲየሙ ፈጥኖ ስለሚሟሟ ለድንገተኛ ሕመም ይመረጣል። ሶዲየሙ አብዛኛውን ጊዜ የጨጓራ አሲድ የማይበግረው ሽፋን ለብሶ ስለሚመጣ አንጀት እስኪደርስ ይቆያል። እንግዲህ ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «ይሄኛው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሠራው፣ እንዳይሰብሩት» ቢላቸው ይበቃ ነበር። ጥፋቱ ግን የሻጩ ብቻ አይደለም። «ዲክሎፌናክ 50» ብሎ ብቻ ጽፎ የሚልክ ሐኪምም አለ። ፋርማሲው ምን ያድርግ፣ ይገምት?

የጨው ፍርሃታቸውን በሒሳብ አረጋጋሁላቸው። 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ ሶዲየም ውስጥ ያለው ሶዲየም 4 ሚሊግራም አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ውስጥ 2,300 ሚሊግራም ገደማ አለ። «እና ልዋጠዋ?» አሉኝ።

አይዋጡት አልኳቸው። ዲክሎፌናክ ራሱ፣ የአባቱ ስም ሶዲየምም ይሁን ፖታሲየም፣ ደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ይህንን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። በማግስቱ ፓኬቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ።