2 + 3 × 4 ሁለት መልስ የለውም

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር አንድ የግል ትምህርት ቤት ለወላጆች የተናገረውን ሰምቼ ደሜ ፈላ። በስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና 2 + 3 × 4 ስንት ነው ተብሎ ተጠየቀ። 14 ያሉትም 20 ያሉትም እኩል ማርክ ተሰጣቸው። ለምን ሲባል፣ «ማባዛት ከመደመር ይቀድማል የሚለው ቅደም ተከተል የሰው ስምምነት ነው፤ ገበያ ላይ ማንም አይጠቀምበትም፤ ካልኩሌተርም 20 ነው የሚለው» ተባለ።

ከካልኩሌተሩ ልጀምር። የሱቁ ርካሽ ካልኩሌተር ቀጥሎ የሚመጣውን አይጠብቅም። 2 + 3 ብላችሁ የማባዣውን ቁልፍ ስትጫኑ እዚያው 5 ያደርገዋል። ከዚያ በ4 ያባዛል። ያንኑ በስልካችሁ ሞክሩት፤ 14 ይላችኋል። የርካሽ ማሽን ጉድለት ይዞ መከራከር ከመምህር አይጠበቅም።

የገበያው ነገር ደግሞ ይብሳል። የጣና ዳር ባለ ጀልባ ጠይቁ። አምስት ሰው ወደ ዘጌ ይሻገራል እንበል። ጀልባው 3,000 ብር፣ የገዳሙ መግቢያ ለአንድ ሰው 200 ብር ቢሆን፣ ሒሳቡ 3,000 + 5 × 200 ነው። 4,000 ብር፣ አለቀ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ልጅ ግን 3,000 ብር ላይ አምስት ሰው ይደምራል። ብርና ሰው ተደምሮ ምን ሊሆን ነው? 3,005ን በ200 አባዝቶ 601,000 ብር ክፈሉ ይላችኋል። ማባዛቱ የሚቀድመው አምስቱ ሰው መጀመሪያ ወደ ብር መለወጥ ስላለበት ነው። ባለ ጀልባው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አሁን ወጪውን ለአምስት እንካፈል። (3,000 + 5 × 200) ÷ 5 ብትሉ ለእያንዳንዱ 800 ብር ይደርሰዋል። ቅንፉን አጥፉት። የሚካፈለው መግቢያው ብቻ ይሆንና 3,200 ይወጣል። ሁለት ጭረት ጠፍቶ በአንድ ሰው ላይ 2,400 ብር! ይህን ነው ማንም አይጠቀምበትም የሚሉን።

ስምምነት ነው? አዎ፣ ነው። ስምምነት ስለሆነም ነው መከበር ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 8 ÷ 2(2 + 2) ማኅበራዊ ሚዲያውን አተራምሶ ነበር። ገሚሱ ማካፈሉን አስቀድሞ 16፣ ገሚሱ 2(2 + 2)ን አስቀድሞ 1 አለ። እዚያ ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው፤ አንድ ቅንፍ ቢጨምር ጭቅጭቁ አይነሳም ነበር። 2 + 3 × 4 ላይ ግን የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም።

እነዚህ ልጆች ነገ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጡ የሚያጠቁሩት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ያኔ 20ን ላጠቆረው ልጅ ማን ሊጠየቅለት ነው? ፈተናው እንደገና ይታረም። 20 ያሉት ልጆች የሚያስፈልጋቸው የነጻ ማርክ ሳይሆን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ይሰጣቸው።