ማስተካከያ፦ ማፍላት ናይትሬትን ከውሃ አያወጣም

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት አንድ ጽሑፍ «ናይትሬት ያለበት ውሃ ከፈላ ችግር የለውም» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ወደ ውሃ ሊገባ የሚችል፣ በውሃ የሚሟሟ ኬሚካል ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ናይትሬቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ በቀረው ውሃ ላይ መጠኑ ከፍ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ መሠረት ጣሪያው በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ተራ የከሰል ማጣሪያም አያስቀረውም፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ግን ይቀንሰዋል።

በጣም የሚያሳስበው በጡጦ የሚመገቡ፣ ገና 6 ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ጉዳይ ነው። የዱቄት ወተታቸው በዚህ ውሃ ከተበጠበጠ ደማቸው ኦክስጅን በደንብ መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ከንፈርና ጥፍራቸው ሰማያዊ ከመሰለ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰዱ። ናይትሬት ቀለምም ሽታም ጣዕምም ስለሌለው፣ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ በላቦራቶሪ አስመርምሩት።